በአዋጅ የተሻረ፣ በአንደበት የቀረ

ባሕር ማዶ ከምትኖረው ልጄ ዘንድ ጥቂት ወራት በከረምሁበት ጊዜ፣ አንድ ምሽት አንዲት ወረቀት ይዛ መጣችና «አባዬ፣ እስቲ ይህን ሙላልኝ» አለችኝ። (የዛሬ ልጆች አባታቸውን «አንተ» ይላሉ። አልተቀየምሁም፤ ነገር ግን ወደዚህ ጉዳይ ስለምመለስ አንባቢ ይያዝልኝ።) ልጄ የሕዝብ ጤና ባለሙያ ናት። ወረቀቷ ላይ ዘጠኝ አጫጭር ጥያቄዎች ሰፍረዋል። በየዕለቱ ኑሮህ ከሌላው ሰው ያነሰ አክብሮት ያጋጥምሃል? በሱቅና በምግብ ቤት መስተንግዶህ ከሌላው ያንሳል? ሰዎች አስተዋይ እንዳልሆንህ ይቈጥሩሃል? ይፈሩሃል? ይሰድቡሃል? መልሱ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ከሚለው ተነሥቶ «ፈጽሞ» እስከሚለው ይወርዳል። ጥያቄዎቹን ዴቪድ ዊሊያምስ የተባሉ ምሁርና ባልደረቦቻቸው ዴትሮይት ከተማ ላይ ባካሄዱት ጥናት ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሟቸው ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የጥቁሮችን የዕለት ተዕለት መገለል ለመለካት ያገለግላሉ።

ወረቀቱን ለመሙላት አልተቸገርሁም። ሱቅ ስገባ ከኋላዬ የሚከተለኝ ጠባቂ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ ባዶ የሚቀር ወንበር፣ እንግሊዝኛዬን እንዳልሰማ ሆኖ ሦስት ጊዜ የሚያስደግመኝ ጸሐፊ፣ ሁሉም በየተራ ትዝ አሉኝ። ጨርሼ ስሰጣት «ኮን ውስጥ ብንጠይቀውስ?» አለች። ሳቅሁ። «ልጄ፣ ኮን እኮ ሁላችንም ጥቁር ነን» አልኋት። እሷ ግን አልሳቀችም። «አያቴ የነገረችኝ ሴትስ?» አለችኝ።

ኮን ላላወቃት አንባቢ፣ በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት። ከጋሸና ተነሥቶ በወገልጤና በኩል ወደ ደሴ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ነፋስ በማይጠፋበት ደጋ ትገኛለች። ከጋሸና ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ ላሊበላ ያደርሳል። ዋድላ በቅኔ ቤቱ የታወቀ አገር ነው፤ የጎንጅ፣ የዋሸራ፣ የዋድላ ተብሎ ሲቈጠር ስሙ ከሦስቱ አንዱ ነው። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ሰው ለቃል የሚጠነቀቅ፣ አንዲት ፊደል ብትሳሳት «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚይዝ ሕዝብ ነበር። ልጅ ለአዛውንት «አንቱ» ማለትን የሚማረው ገና አፉን ሲፈታ ነው። እንደምን አደሩ፣ እንደምን ዋሉ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ። የተሳሳተ ልጅ ኩርኩም ይቀምሳል። እኔም ቀምሻለሁ።

በጎረቤታችን ግቢ የምትኖር አንዲት አሮጊት ነበረች። በዚያን ጊዜ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ዕድሜዋ ከአያቴ የሚያንስ አይመስለኝም። ከየት እንደ መጣች ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። «ከታች አገር» ይባላል፤ ታች የት እንደሆነ ጠይቆ የተረዳ የለም። በልጅነቷ ከአንድ ባላባት ቤት ገብታ፣ ባላባቱ ሲሞት ለልጁ ተላልፋ፣ ልጁ ሲያረጅ እዚያው ቀርታለች። ኩበት ትለቅማለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ገብስ ትቈላለች። ምንጭ የምትወርደው ሌሎቹ ሴቶች ወርደው ከተመለሱ በኋላ፣ ፀሐይ ሲከር ነበር። ያን ጊዜ ሰዓቱን ለምን እንደ መረጠች አስቤው አላውቅም። እናም እኛ፣ የሰባት ዓመት ልጆች፣ ያቺን አሮጊት «አንቺ» እንላት ነበር። ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ። ማንም ኩርኩም አልሰጠንም። ዘረኝነት በሰዋስው ውስጥ እንደሚኖር ከዚያ በላይ ማስረጃ የት ይገኛል?

በሌለችበት የምትጠራበት ስም «ባሪያ» ነበር። በአለችበትም አንዳንዴ። ውድ አንባብያን፣ ይህን ቃል በዚህ ጽሑፍ ደጋግሜ የምጠቅሰው ወድጄው እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ሸፍኜው ብናገር ግን ስለ ምን እንደማወራ ሁላችንም የማናውቅ መስለን እናልፈዋለን፤ እስካሁንም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። በምዕራብ ኤርትራ የሚኖረው የናራ ሕዝብ ቀድሞ «ባሪያ» እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ስሙም አክሱም ላይ በተገኘው የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ውስጥ ተጠቅሶ ይገኛል። አንድ የሕዝብ ስም በጊዜ ብዛት የሸቀጥ መጠሪያ ሆኗል ማለት ነው። አውሮፓውያንም የስላቭን ሕዝብ ስም ወስደው እንዲሁ አድርገውታልና በዚህ ረገድ ብቸኞች አይደለንም። ተቃራኒው ቃል ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። «ጨዋ» ስንል ዛሬ ትሑት፣ ሥርዓት ያለው ሰው ማለታችን ነው። በቀድሞው አነጋገር ግን ጨዋ ማለት ባሪያ ያልሆነ፣ ከባሪያም ያልተወለደ ነው። መልካም ጠባይን የምንጠራበት ስም፣ ባለቤት የሌለውን ሰው ከሚመለከተው የትውልድ ስም ጋር አንድ ነው። ልጆቻችንን «ጨዋ ሁኑ» ብለን ስንመክር ማንን አትምሰሉ እያልን እንደሆነ ቆም ብሎ ያሰበ ስንቱ ነው? «መግዛት» የሚለውም ቃላችን ሸቀጥ መሸመትንና ሰውን ማስተዳደርን በአንድ አፍ ይናገራል፤ የቅኔ ሰው ይህን ቢያገኝ ሰምና ወርቁን ሲያወጣ ይውላል።

በአንጻሩ ግእዙ ያንኑ ሐሳብ አክብሮ ይዞታል። «ገብር» ባሪያ፣ አገልጋይ ነው። ላሊበላን ያሳነጸው ንጉሥ የመንግሥት ስሙ ገብረ መስቀል፣ የመስቀሉ ባሪያ ነበር። ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ አመተ ማርያም እያልን ልጆቻችንን ክርስትና ስናነሣ ደስ ብሎን ነው። ንጉሡ የሚኮራበትን ቃል በአማርኛ ገልብጠን ለአንዲት ውኃ ቀጂ ስንሰጣት ምራቅ ይሆናል።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብጽ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን አምኖ፣ የጦርነት ሕግ ግን ምርኮኛውን ለማራኪው ባሪያ ያደርገዋል ይላል። በልማድም ክርስቲያን ባሪያ መሸጥ እንደ ነውር ስለሚቈጠርበት ንግዱ በአብዛኛው ለሙስሊም ነጋዴዎች ተተወ። ገዝቶ ማሳደር ግን ነውር አልነበረም። በመሆኑም ከጎጃሟ ባሶ እስከ ሸዋው አልዩ አምባ በተዘረጉት ገበያዎች ሰው ከቡና፣ ከወርቅና ከዝባድ ጋር ይሸጥ ነበር። በኋላ እርስ በርስ ስንወቃቀስ «የእነርሱ ንግድ» እየተባለ የሚነገረው ነገር ሻጭን ብቻ ይከስሳል፤ ገዢው የት ገባ?

ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን የከለከሉ የመጀመሪያው የዘመናዊቷ ኢትዮጵያ ንጉሥ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ መንገዱን ያስጠረጉት በእኛው በዋድላ ሜዳ አድርገው፣ ወደ ደላንታ በሚያሻግረው ጥልቅ ገደል ቁልቁል ነው። ናፒየርም ከላስታ ተራሮች ወርዶ የደረሰው እዚሁ ነበር። መድፉ አለፈ፤ ንጉሡም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አለፉ፤ ክልከላቸው ቀድሞውንም ከቤተ መንግሥቱ ርቆ አልሄደም። ዐፄ ምኒልክም በየጊዜው ከልክለዋል። ነገር ግን በእርሳቸው ዘመን ወደ ደቡብ የተደረጉት ዘመቻዎች ራሳቸው የምርኮኛ ምንጭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተያዘችው ከፋ ከዚያ በኋላ ምን ያህል ሰው እንዳጣች የአገሩ ባዶ መንደሮች ይመሰክሩ ነበር። አድዋን ስናነሣ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኩራት ነው እንላለን፤ እውነት ነው፤ እኔም እላለሁ። ከአድዋ ማግስት በከፋ መንገድ ላይ የሚነዱት ሕፃናት ግን በዚያ ኩራት ውስጥ ቦታ አልተሰጣቸውም።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ ኢትዮጵያን ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማስገባት ሲነሡ ዋናው መሰናክል ይኸው ጉዳይ ሆነ። አገሪቱ ተቀባይነት ያገኘችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት የወጣው ደንብ ጌታው ሲሞት ባሪያው ወዲያው ሳይሆን ከሰባት ዓመት በኋላ ነጻ እንዲወጣ አዘዘ፤ በ1923 ዓ.ም. ይኸው ጊዜ ወደ አንድ ዓመት አጠረ። እ.ኤ.አ. በ1932 ከእንግሊዝ የጸረ ባርነት ማኅበር ለመጡት ሰዎች ንጉሠ ነገሥቱ ባርነትን በ15 እና በ20 ዓመታት መካከል ጨርሰው ለማጥፋት ቃል ገቡ። ዝግታው ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ባላባቱ ሁሉ የሚቃወመውን ነገር በአንድ ሌሊት ማስፈጸም የሚችል መንግሥት ገና አልቆመም ነበር። ለኮኗ ሴት ግን ያ ምክንያት ሙሉ ወጣትነቷን ወስዷል።

ከዚያም ጣልያን መጣ። ጄኔራል ዴ ቦኖ በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ «ባርነት ተሽሯል» ብሎ ዐወጀ። ወራሪው ራሱን ነጻ አውጪ አድርጎ ለዓለም አቀረበ፤ የምናፍርበት ነውራችን ለእርሱ ጥሩ ሰበብ ሆነለት። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት ኢጣሊያዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። አዲስ አበባ የነጭና የጥቁር ተብላ እንድትከፈል ታቀደ፤ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ ዛሬ «መርካቶ» የምንለው በዚህ መንገድ የተወለደ ነው። በዚያ ሕግ ፊት ቀይ፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ጥቁር የሚለው የእኛ አከፋፈል ዋጋ አልነበረውም። ባላባቱም የባላባቱ ባሪያም አንድ ስም ነበራቸው። አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተዋርዶ የወጣ ሕዝብ፣ ለተዋረደ ሰው የተለየ ርኅራኄ ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ ይቻል ነበር።

በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ ወጣ። ከባድ ቅጣት ደነገገ። ለወጡት ሰዎች ግን የሚታረስ መሬት፣ የሚገቡበት ቤት፣ የሚጠሩበት የአባት ስም አልሰጠም። ነጻነቷን የሰማች ሴት ወዴት ትሂድ? ኮን ላይ መሬት በአጥንት ነው፤ ርስት የሚጠየቀው አያትን ቈጥሮ ነው። እሷ የምትቈጥረው አያት አልነበራትም። ስለዚህ እዚያው ግቢ፣ በዚያው ጎጆ፣ ያንኑ እንስራ ተሸክማ ቀረች፤ ልዩነቱ ከእንግዲህ ሕጉ ስለማይፈቅድ ማንም «የእኔ ናት» ብሎ በይፋ አለመናገሩ ብቻ ነበር። መሬት ለእንደርሷ ያሉ ሰዎች ሊደርስ የቻለው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ጋብቻ ግን እስከ ዛሬም አልታወጀም። ሽማግሌ ሲላክ «አጥንቱ ይጠና» የሚባልበት ቤት፣ ሐኪም ሆኖ የመጣን ልጅ «የእናቱ እናት እኮ...» ተብሎ የሚመለስበት ቤት አሁንም አለ። የአዲስ አበባ አንባቢዬ «ይህ የገጠር ነገር ነው» እንዳይል፤ እኔ በጆሮዬ የሰማሁት ቦሌ ውስጥ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ሳሎን ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 25 በዘርም በቀለምም ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል። የሳሎኑ ባለቤት አንቀጹን በቃሉ ይዞታል።

«ቃል ሰውን አይገድልም» ለሚል ሰው የልጄን ወረቀት ላስታውሰው። እነዚያን ዘጠኝ ጥያቄዎች ይዘው ብዙ አጥኚዎች ባለፉት ዓመታት ያገኙት ነገር ተደጋጋሚ ነው፤ በየዕለቱ ንቀት የሚደርስበት ሰው እንቅልፉ ይቃወሳል፣ ድብርት ይበረታበታል፣ የደም ግፊቱም ይጎዳል። አርሊን ጀሮኒመስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት ጥናት የጥቁር ሴቶች አካል በማያቋርጥ ጫና ምክንያት ከዕድሜው ቀድሞ እንደሚያረጅ አስረድተው፣ ነገሩን ድንጋይ በፀሐይና በዝናብ ተፈረካክሶ እንደሚያልቅ ባለ ስም ጠርተውታል። ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። አካልን የሚያደክመው የተሰነዘረው ስድብ ብቻ አይደለም፤ ስድቡን መጠበቁም ነው። ገበያ ከመውጣቱ በፊት ማን እንደሚያጋጥመው የሚያሰላ፣ የሚናገረውን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ፣ በየትኛው መንገድ ቢሄድ ሰው እንደማያገኘው የሚያጠና ሰው ልቡ አያርፍም። ሰውነት ለአደጋ ሲዘጋጅ የሚያመነጨው ቅመም ለአፍታ ይጠቅማል፤ ዓመት ከዓመት ሲፈስ ግን የገዛ ቤቱን ያፈርሳል።

ይህን ያነበብሁ ለታ ነው ምንጭ የምትወርድበት ሰዓት የገባኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ እንስራ አዝላ፣ ያን ሁሉ ዳገት ብቻዋን የምትወጣው በጠዋት ከሚሰበሰቡት ሴቶች አፍ ለማምለጥ ነበር። «ልቤ ይመታል» ትላለች፤ ማታ ማታ እንቅልፍ የላትም፤ ከደጃፏ ተቀምጣ የምታነጋ ሴት ነበረች። እኛ ልጆቹ ይህን አይተን ያወጣንላት ስም ነበረን፤ እዚህ አልጽፈውም።

ሕመሙ ባሕር ተሻግሮም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ሦስት ጀልባዎች ይዛ፣ ወደ ዓረብ አገር ሊሸጡ የሚወሰዱ ከሁለት መቶ የሚበልጡ የኦሮሞ ልጆችንና ወጣቶችን አስጣለች። ከእነርሱ 64ቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደተባለው የሚስዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። ከእነዚህ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር የአፓርታይድ መንግሥት ከማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት ለአሥር ዓመት ያሰረው የታወቀ ምሁር ነው። አያቲቱን እንደ ሸቀጥ የሸጣት ጥቁር፣ የልጅ ልጇን ያሰረው ነጭ ነው። በእኛ የትምህርት መጻሕፍት የሁለቱ ታሪክ በሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ይነበባል፤ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ግን አንድ ነበር።

የእስራኤሉ ነገርማ ከዚህም የቀረበ ነው። በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ የለገሡት ደም በምስጢር እየተደፋ መሆኑ ሲጋለጥ በሺህ የሚቈጠሩት ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ጮኹ፤ በ2015 እና በ2019ም በፖሊስ ግፍ ምክንያት እንደገና ወጡ። በመንገድ ላይ «ኩሺ» ይባላሉ። ይህን እናውቃለን፤ ተቈጥተንለታልም። የማናወራው ግን ሐጋር ሰላሞን የተባሉ የኢየሩሳሌም ምሁር የጻፉትን ነው። ቤተ እስራኤሎች ራሳቸው ኢትዮጵያ ሳሉ ባሪያ ነበራቸው፤ ጨዋና ባሪያ የሚለው ክፍፍልም አብሯቸው አውሮፕላን ላይ ተሳፈረ። ቀን በቴል አቪቭ ጎዳና «ጥቁር» ተብሎ የተዋረደ ሰው፣ ማታ የልጁን ጋብቻ ሲያስብ «እነዚያ ጥቁሮቹ» ይል ነበር፤ ራሱ ቀይ ነውና። ልጄ ዘንድ ሳለሁም በአበሻ ምግብ ቤቶች የሰማሁት ወሬ ከዚህ አይለይም። ነጩ ሲንቀን ዘረኝነት ነው፤ እኛ የአገሩን ጥቁር ስንንቅ ግን «ጠንቃቃነት» እንለዋለን።

በአገር ቤትም ቃሉ ተሰድዷል። በ1977 ረሃብ ከላስታ፣ ከዋድላና ከመላው ወሎ በግድም በውድም የተነሡ ወገኖቻችን በሠፈራ ወደ ጋምቤላ፣ አሶሳና ፓዌ ተወስደዋል፤ በጠቅላላው በዚያ ዘመቻ የተጓጓዘው ሰው 600 ሺህ ያህል ነበር። የረሃብ አጥንት ይዘው በለስ ሸለቆ የደረሱት ደገኞች ያገኙት የጉሙዝን አገር ነው። ጉሙዝ ደግሞ ለዘመናት ከጎጃምና ከአገው በኩል በሚመጡ ዘማቾች፣ ከአሶሳም በኩል እንደ ሼኽ ሆጀሌ ባሉ ገዢዎች እየታደነ የተሸጠ ሕዝብ ነው፤ ይህም እስከ ጣልያን ወረራ ዋዜማ የቀጠለ ነበር። የእኛ ሰው ስለዚህ ታሪክ ያወቀው ጥቂት ነው፤ «ሻንቅላ» የሚለውን ቃል ግን ከቤቱ ይዞት ሄዷል። ሁለት የተጎዱ ሕዝቦች በአንድ መሬት ላይ ተገናኙ፤ አንዱ ስለ ሌላው የነበረው የመጀመሪያ እውቀት ስድብ ሆነ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. መተከል፣ ቡለን ወረዳ ውስጥ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች ሲጨፈጨፉ ከሞቱት መካከል ይህን ቃል ተናግሮ የማያውቅ ሕፃን ሞልቷል። ስድብ ግድያን አያጸድቅም፤ የመሬትና የሥልጣን ፖለቲካውም ራሱን የቻለ ሌላ ሐተታ ነው። ነገር ግን ስለ መተከል በሚጻፈው ሁሉ የተፈናቃይና የሟች ቍጥር ሲደረደር፣ ከቍጥሩ በፊት የነበሩት የንግግር ዓመታት ሲነሡ አይታይም።

እኛስ፣ የ1960ዎቹ ተማሪዎች፣ ምን ሠራን? «መሬት ለአራሹ» ብለናል። የብሔረሰብን ጥያቄ ያነሣው ዋለልኝ መኰንን የወሎ ልጅ ነው። የገባርን፣ የጭሰኛን፣ የሠራተኛን መብት ስንከራከር አንግተናል። እኔ በነበርሁበት የውይይት ክበብ ግን በየቤታችን ጓዳ ስለምትቀመጠው ሴት አንድም ቀን አልተወያየንም። የትኛው መደብ ውስጥ እንደምትገባ መጽሐፉ አልነገረንም ነበር።

እሷ ያረፈችው ከአብዮቱ በኋላ፣ ከሰባ ሰባቱ ረሃብ በፊት ነው። እናቴ እንደ ነገረችኝ ለፍትሐት ካህኑ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁ ከሰፈሩ የሚመልስ ጠፋ። ያወቁት የንስሐ አባቷ ብቻ ነበሩ። ስሟ በ«ወለተ» የሚጀምር ነበር፤ ልጅ ማለት ነው። የማን ልጅ እንደነበረች አንድም ሰው የማያውቃት ሴት፣ በዚያ ስም ተጠርታ ተቀበረች።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በ1966 ዓ.ም. ክረምት ነው። የወሎ ረሃብ ጠባሳ ገና አልሻረም፤ አዲስ አበባ ላይ ዙፋኑ እየተነቃነቀ ነው፤ እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ፣ ጸጉሬን አጎፍሬ፣ ኪሴ በራሪ ወረቀት ሞልቶ ኮን ገባሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዛውንቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከመጀመሪያው ጀምሬ እጅ እየነሣሁ፣ «አባባ እንደምን ሰነበቱ፣ እማማ እንደምን ሰነበቱ» እያልሁ፣ ጉልበት እየሳምሁ ወረድሁ። እሷ ከመስመሩ ጫፍ፣ ትንሽ ፈንጠር ብላ ተቀምጣለች። ደረስሁና ቆም ብዬ፣ ፈገግ ብዬ፣ «እንዴት ነሽ?» አልኋት።

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «እግዚአብሔር ይመስገን ጌታዬ፣ እርስዎ ደኅና ነዎት?» አለችኝ።